ቢሉ ሲመጣም እድርተኛው ይምጣ

ግልጽ ደብዳቤ

ለ፦ በዋሽንግተን ዲሲ፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ለሚገኙ የኢትዮጵያውያን አብያተ ክርስቲያናት፣ መስጊዶች፣ እድሮች፣ የማኅበረሰብ ድርጅቶችና የአማርኛ ሬዲዮ አዘጋጆች

ጉዳዩ፦ የድንገተኛ ክፍል ሕክምና ቢል ለደረሰው ወገን የጋራ እገዛ እንድታቋቁሙ ስለመጠየቅ

የተከበራችሁ አባቶች፣ ኢማሞች፣ የእድር ዳኞችና የማኅበራት መሪዎች፣

በዚህ አካባቢ ባሉ ሆስፒታሎች የሕክምና አስተርጓሚ ሆኜ እሠራለሁ። ሥራዬ ሐኪሙ ያለውን በአማርኛ፣ ታማሚው ያለውን በእንግሊዝኛ፣ ሳልጨምርና ሳልቀንስ ማድረስ ነው። በታማሚው አልጋ አጠገብ የሰማሁትን ይዤ አልወጣም፤ ስለዚህ በዚህ ደብዳቤ የማንንም ሰው ታሪክ አልነግራችሁም። የምጽፍላችሁ የሁላችንንም ቤት ስለሚያንኳኳ ነገር ነው፦ ኢሜርጀንሲ ሩም ደርሰን ከተመለስን ከጥቂት ሳምንታት በኋላ በፖስታ ስለሚመጣው ቢል።

ይህን ቢል መፍራት በወገኖቻችን ላይ ሦስት ዓይነት ጉዳት ሲያደርስ አያለሁ። ደረቱን እያመመው «ነገ ይሻለኛል» እያለ፣ ወጪውን ፈርቶ ቤቱ የሚያድር አለ። ቢሉ እንደደረሰው «ዕዳ አልወድም» ብሎ በክሬዲት ካርድ ሙሉውን የሚከፍል አለ፤ ቢጠይቅ ኖሮ ግማሹን፣ ምናልባትም ምንም ላይከፍል ይችል ነበር። ፖስታውን ሳይከፍት መሳቢያ ውስጥ የሚያስቀምጥና ዕዳ ሰብሳቢው ድርጅት (ኮሌክሽን) ሲደውልለት የሚደነግጥም አለ። ሦስቱም ታታሪ ሰዎች ናቸው። ታክሲና ኡበር ይነዳሉ፣ ፓርኪንግ ይሠራሉ፣ አረጋውያንን ይጦራሉ፣ ሌሊት ሆቴል ያጸዳሉ። ሦስቱም ቢሉ ላይ የተጻፈው ቁጥር አንዴ የተቆረጠ፣ የማይነካ ዋጋ ይመስላቸዋል። እኔ ልነግራችሁ የምፈልገው ያ ቁጥር የጉዳዩ መጀመሪያ መሆኑን ነው። መጨረሻው የት እንደሚሆን የሚወስነው አብዛኛውን ጊዜ ታማሚው የሚጠይቀው ሰው ማግኘቱና አለማግኘቱ ነው። ያ ሰው እናንተ ዘንድ እንዲገኝ እለምናችኋለሁ።

ከሁሉ አስቀድሞ አንድ ነገር ግልጽ ይሁን። እ.ኤ.አ. በ1986 በወጣው የፌዴራል ሕግ መሠረት፣ ሜዲኬር የተባለውን፣ በዋነኛነት ለአረጋውያን የሆነውን የመንግሥት ኢንሹራንስ የሚቀበልና ድንገተኛ ክፍል ያለው ሆስፒታል ሁሉ የመጣውን ሰው መመርመር፣ አደጋ ላይ ከሆነም ሁኔታውን ማረጋጋት አለበት። ኢንሹራንስ አለህ ወይ፣ ትከፍላለህ ወይ የሚለው ጥያቄ ምርመራውን ሊያዘገየው አይችልም። ይህ ሕግ በሩን ከፈተ እንጂ ሕክምናውን ነፃ አላደረገም። ቢሆንም በሩ ክፍት ነው። ደረቱን የሚያስጨንቀው፣ አንድ ጎኑ በድንገት የዛለ፣ አንደበቱ የተሳሰረ፣ መተንፈስ ያቃተው ሰው 911 ይደውል። ስለ ዋጋው ከዚያ በኋላ ለመነጋገር ጊዜም አለ፣ ሕግም አለ። ይህን ቃል ከመድረክ ላይ ደጋግማችሁ ብትናገሩ ብቻ ነፍስ ታድናላችሁ።

አሁን ወደ ቢሉ ልግባ። አንድ ጊዜ ድንገተኛ ክፍል የገባ ሰው ብዙውን ጊዜ የሚደርሰው ቢል አንድ አይደለም። ሆስፒታሉ ስለ ክፍሉ፣ ስለ ነርሶቹ፣ ስለ መሣሪያውና ስለ መድኃኒቱ የራሱን ይልካል። ያየው ሐኪም በሌላ ድርጅት ሥር የሚሠራ ከሆነ ያ ድርጅት ለብቻው ይልካል። ሲቲ ስካኑን ያነበበው ሐኪም ሌላ፣ አምቡላንሱም ሌላ። ብዙ ሰው የመጀመሪያውን ከፍሎ ተገላገልኩ ሲል ሁለተኛው ይመጣል። «ይህንንማ ከፍያለሁ» ብሎ ይጥለዋል፤ የጣለው ወረቀት ኮሌክሽን ይገባል።

በሆስፒታሉ ቢል ላይ ብዙ ጊዜ ከፍተኛውን ድርሻ ከሚይዙት አንዱ በድንገተኛ ክፍሉ ለመስተናገድ የሚጠየቀው ክፍያ ነው። ይህ ክፍያ ከ1 እስከ 5 ደረጃ አለው፤ 1 ለቀላል ጉዳይ፣ 5 ለከባድ። ደረጃዎቹ ከ99281 እስከ 99285 ባሉ ኮዶች ይጻፋሉ። ዝርዝር ቢል ስትቀበሉ እነዚህን ቁጥሮች ፈልጉ፤ የመጨረሻዋ አኃዝ በየትኛው ደረጃ እንደተመደባችሁ ትነግራችኋለች። ሆስፒታሉ ለራሱ ክፍያ ደረጃ የሚሰጠው ራሱ ባወጣው መስፈርት ነው፤ ሁሉንም የሚገዛ አንድ ወጥ አገር አቀፍ መመሪያ የለም። ስለዚህ ያንኑ የሆድ ቁርጠት አንዱ ሆስፒታል 3፣ ሌላው 4 ሊለው ይችላል። ከአንዱ ደረጃ ወደሚቀጥለው ሲወጣ ዋጋው በመቶዎች በሚቆጠር ዶላር ሊጨምር ይችላል። ልጁን አንገቱ ላይ ለወጣ ሽፍታ አስመርምሮ የተመለሰ አባት ቢሉ ላይ 5 ቢያይ «ይህ እንዴት ሆነ?» ብሎ የመጠየቅ መብት አለው። ሲጠየቅ ደረጃው እንደገና የሚታይበትና የሚወርድበት ጊዜ አለ።

ሆስፒታሎቹ ዋጋው ለምን እንደሚከብድ ሲጠየቁ የሚሰጡት መልስ አለ፤ መልሱም ሐሰት አይደለም። ድንገተኛ ክፍል ሌሊትና ቀን፣ በዓልና የሥራ ቀን ሳይል ክፍት ነው። ታማሚ መጣም አልመጣም ሐኪሙ፣ ነርሷና መሣሪያው ይጠብቃሉ። መክፈል የማይችለውንም መቀበል ግዴታው ነው፤ የዚያ ሰው ወጪ በሌሎች ላይ ይከፋፈላል። ይህ ሁሉ ዋጋው ለምን ከፍ እንዳለ ያስረዳል። ያው ሕክምና ለሁለት ሰዎች ለምን ሁለት ዋጋ እንዳለው ግን አያስረዳም።

ለዚያ መልሱ ድርድር ነው። እያንዳንዱ ሆስፒታል ከአንዲት የሕመም ማስታገሻ ክኒን ጀምሮ እስከ ቀዶ ሕክምና ድረስ ያለው ሁሉ ዋጋ የተጻፈበት ትልቅ ዝርዝር አለው። መርካቶ ውስጥ ሻጩ መጀመሪያ የሚጠራውን ዋጋ አስቡት፤ ማንም በዚያ እንደማይገዛው ጠሪውም ገዢውም ያውቃሉ። ሆስፒታሉም ዝርዝሩን ይዞ ከእያንዳንዱ ኢንሹራንስ ጋር ለየብቻ ይደራደራል። ብዙ ደንበኛ ያለው ኢንሹራንስ ያስቀንሳል። በአካባቢው ተፎካካሪ የሌለው ሆስፒታል ደግሞ አልቀንስም ይላል። ሜዲኬር አይደራደርም፤ የሚከፍለውን ራሱ ይተምናል። ራንድ የተባለው የጥናት ተቋም እ.ኤ.አ. በ2024 ባወጣው ጥናት እንዳሳየው፣ አሠሪዎችና የግል ኢንሹራንሶች በ2022 ለሆስፒታሎች የከፈሉት ሜዲኬር ለዚያው አገልግሎት ይከፍል ከነበረው በአማካይ 254 በመቶ ነበር። ኢንሹራንስ የሌለው ሰው ደግሞ የሚደራደርለት ስለሌለ፣ በአብዛኛው የአገሪቱ ክፍል መጀመሪያ የሚላክለት የተጠራው ዋጋ ነው።

ልዩነቱ ምን ያህል እንደሚሰፋ ለማየት አንድ ጥናት ይበቃል። ሬኔ ሺያ የተባሉት የድንገተኛ ሕክምና ሐኪም ከባልደረቦቻቸው ጋር እ.ኤ.አ. በ2012 ያሳተሙት ነው። በ2009 በካሊፎርኒያ ትርፍ አንጀት ታመው፣ ሌላ ውስብስብ ችግር ሳይገጥማቸው፣ ከአራት ቀን ባነሰ ጊዜ ከሆስፒታል የወጡ ከ19,000 በላይ ሰዎችን ቢል መረመሩ። ዝቅተኛው 1,529 ዶላር፣ ከፍተኛው 182,955 ዶላር ነበር። በአንድ ግዛት፣ በአንድ ዓመት፣ ለአንድ ዓይነት በሽታ።

ኢንሹራንስ ያለውም ቢሆን ከዚህ አያመልጥም። ዲዳክተብሉ፣ ማለትም ኢንሹራንሱ መክፈል ከመጀመሩ በፊት በዓመት ከኪሱ የሚከፍለው፣ 3,000 ዶላር የሆነ ሰው በጃንዋሪ ታሞ ቢሄድ፣ ኢንሹራንሱ በተደራደረበት ዋጋ እስከ 3,000 ዶላር ድረስ ከኪሱ ሊከፍል ይችላል። ዓመቱን ሙሉ ሲታከም ቆይቶ ዲዳክተብሉን የጨረሰ ጎረቤቱ በዲሴምበር ለዚያው ሕመም ቢሄድ የሚከፍለው ጥቂት ነው። ስለዚህ «እገሌ ሁለት መቶ ዶላር ነው የከፈለው» የሚለው የቡና ላይ ወሬ ለሌላው ሰው ምንም አይነግረውም። አንዱን ያሳስተዋል፣ ሌላውን ያስፈራዋል።

አሁን ወደ ራሳችን ሰፈር ልምጣ። ከአሌክሳንድሪያ ተነስቶ ዲሲን አቋርጦ ሲልቨር ስፕሪንግ የሚደርስ ሰው በአንድ መንገድ ላይ የተለያዩ የሆስፒታል ዋጋ ሥርዓቶችን ያቋርጣል። ሜሪላንድ በዚህ ረገድ ከመላው አሜሪካ የተለየች ናት። እ.ኤ.አ. በ1971 የሆስፒታል ዋጋ የሚተምን ኮሚሽን በሕግ አቋቁማለች። ኮሚሽኑ ለእያንዳንዱ ሆስፒታል ዋጋ ያወጣል። ለሜዲኬርና ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆኑ ሰዎች ለሚሰጠው የመንግሥት ኢንሹራንስ ለሜዲኬይድ ከሚደረግ አነስተኛ ቅናሽ በቀር፣ ሆስፒታሉ ትልቁን ኢንሹራንስም ኢንሹራንስ የሌለውን የታክሲ ሹፌርም የሚያስከፍለው በዚያው ዋጋ ነው። ይህ ማለት የሜሪላንድ ሆስፒታሎች ሁሉ ዋጋቸው እኩል ነው ማለት አይደለም፤ ለየሆስፒታሉ የሚወጣው ተመን ይለያያል። የሐኪሞች የግል ቢልም በኮሚሽኑ አይተመንም። ይሁንና አንድ ሆስፒታል አንዱን ታማሚ ከሌላው አብልጦ እንዳያስከፍል የሚከለክል አካል አለ። በቨርጂኒያና በዲሲ እንዲህ ያለ ተማኝ የለም።

ሜሪላንድ ሌላም ሕግ አላት፤ ይህን እያንዳንዱ ቤተሰብ ሊያውቀው ይገባል። የቤተሰቡ ገቢ ከፌዴራሉ የድህነት መለኪያ 200 በመቶ የማይበልጥ ታማሚ አስፈላጊውን የሆስፒታል ሕክምና በነፃ ማግኘት አለበት። ገቢው በ200 እና በ300 በመቶ መካከል ከሆነ በቅናሽ። በ2025 መለኪያው ለአራት ሰው ቤተሰብ 32,150 ዶላር ነበር። በዚያ መለኪያ ባልና ሚስት ከሁለት ልጆች ጋር ሆነው ዓመታዊ ገቢያቸው እስከ 64,300 ዶላር ከሆነ ነፃ፣ እስከ 96,450 ዶላር ከሆነ ቅናሽ የሚያገኙበት መንገድ ነበር። ሆስፒታሉ ማመልከቻና የገቢ ማስረጃ ይጠይቃል፤ ንብረትም ሊያይ ይችላል። በዚህ ገቢ ውስጥ ስንት ወገኖቻችን እንዳሉ ከእኔ ይልቅ የእድር መዝገባችሁን የያዛችሁ እናንተ ታውቃላችሁ።

ቨርጂኒያና ዲሲ ያሉትም ባዶ እጃቸውን አይደሉም። በዚህ አካባቢ ያሉት አብዛኞቹ ሆስፒታሎች ለትርፍ ያልተቋቋሙ ናቸው፤ ግብርም አይከፍሉም። ለዚህ ነፃነታቸው የፌዴራል ሕግ ግዴታ ጥሎባቸዋል። የገንዘብ ድጋፍ መመሪያ በጽሑፍ ማውጣትና ለሕዝብ ማሳወቅ አለባቸው። ለድጋፉ ብቁ የሆነን ሰው ኢንሹራንስ ላላቸው ታማሚዎች በአጠቃላይ ከሚያስከፍሉት በላይ ሊያስከፍሉት አይችሉም። የመጀመሪያው ቢል ከተላከበት ቀን ጀምሮ 240 ቀን እስኪሞላ ማመልከቻ መቀበል አለባቸው። በመጀመሪያዎቹ 120 ቀናት ውስጥ ክስ እንደ መመሥረት ወይም ክሬዲት እንደ ማበላሸት ያለ ከባድ እርምጃ መውሰድ አይችሉም። አስቀድሞ ከፍሎ በኋላ ብቁ ሆኖ የተገኘ ሰው ካለ ደግሞ ከሚገባው በላይ የከፈለው ይመለስለታል። መመሪያው የትኞቹ ሐኪሞች በድጋፉ እንደሚሸፈኑና የትኞቹ እንደማይሸፈኑ መዘርዘር ስላለበት፣ ሁለተኛው ቢል ሲመጣ ያ ዝርዝር መታየት አለበት።

ከዚሁ ሕግ ውስጥ እኛን በቀጥታ የሚመለከት አንድ አንቀጽ አለ። ሆስፒታሉ በሚያገለግለው አካባቢ እንግሊዝኛ በደንብ የማይችሉ የአንድ ቋንቋ ተናጋሪዎች 1,000 ከደረሱ ወይም ከአካባቢው ሕዝብ 5 በመቶ ከሆኑ፣ ከሁለቱ ባነሰው ቁጥር፣ የድጋፍ መመሪያውና ማመልከቻው በዚያ ቋንቋ መተርጎም አለበት። በዲሲ እ.ኤ.አ. በ2004 በወጣው የቋንቋ ሕግ የከተማው መሥሪያ ቤቶች ሰነድ ከሚተረጉሙባቸው ቋንቋዎች አንዱ አማርኛ ነው። ሆስፒታል ሄዶ የአማርኛ ቅጽ የጠየቀ ሰው «የለም» ከተባለ፣ ያ መልስ በማኅበር ስም በደብዳቤ ሊጠየቅ የሚገባው ጉዳይ ነው።

ሦስት ነገሮች ልጨምር። የመጀመሪያው፣ ከጃንዋሪ 2022 ጀምሮ በሥራ ላይ ባለው የፌዴራል ሕግ፣ የግል ኢንሹራንስ ያለው ሰው ለድንገተኛ ሕክምና የሄደበት ሆስፒታል ወይም ያየው ሐኪም ከኢንሹራንሱ ጋር ውል ባይኖረውም ልዩነቱን ክፈል ሊባል አይችልም። ይህ ሕግ የአየር አምቡላንስን ይጨምራል፤ በመንገድ የሚሄደውን አምቡላንስ ግን አይነካም። ሁለተኛው፣ ደረቱን አሞት ሄዶ ጨጓራ ነው የተባለ ሰው ኢንሹራንሱ «ድንገተኛ አልነበረም» ብሎ ሊከለክለው ቢሞክር ይግባኝ ይበል። ሕጉ የሚያየው ማንኛውም አስተዋይ ሰው በዚያ ምልክት ይደነግጥ ነበር ወይ የሚለውን እንጂ በመጨረሻ የተገኘውን በሽታ አይደለም። ሦስተኛው፣ በዲቪ የመጣና ግሪን ካርድ የያዘ አዋቂ ሰው ሙሉ ሜዲኬይድ ለማግኘት ብዙ ጊዜ አምስት ዓመት መጠበቅ አለበት። በገቢው የሚያሟላ ከሆነ ግን ለድንገተኛ ሕክምና ብቻ የሚሆን ሜዲኬይድ አለ። ማመልከቻውን እንዴት እንደሚሞላ የሆስፒታሉን ሶሻል ወርከር ይጠይቅ።

ይህ ሁሉ መብት እያለ ወገናችን ለምን አይጠቀምበትም? ሁለት ምክንያቶች አያለሁ።

አንዱ አስተርጓሚው የሚቆምበት ቦታ ነው። ታማሚው በአልጋው ላይ ሳለ አስተርጓሚ በነፃ የማግኘት መብት አለው፤ ሆስፒታሉ ልጁን ወይም ዘመዱን እንዲያስተረጉምለት ሊያስገድደው አይችልም። ሐኪሙ፣ ነርሷ፣ መድኃኒት ቤቱ ሁሉ በእኔና በመሰሎቼ በኩል ያነጋግሩታል። ቤቱ ከተመለሰ በኋላ ግን ቢሉ በእንግሊዝኛ ይመጣል። የሚያነበው ከትምህርት ቤት የተመለሰው ልጁ ነው። ልጁ ሁሉንም ቃል ማንበብ ይችላል፤ ለማን መደወል፣ ምን ማለት፣ የትኛውን ቅጽ መጠየቅ እንደሚገባ ግን አያውቅም። ያ መብት በስልክም እንደሚቀጥል፣ ወደ ቢሊንግ ቢሮ ደውሎ «አማሪክ ኢንተርፕሪተር» ቢል በመስመሩ ላይ ሰው እንደሚመጣለት የነገረው የለም።

ሌላው ይሉኝታ ነው። ብዙ ሰው የገንዘብ ድጋፍ ማመልከት ልመና ይመስለዋል። «ሠርቼ የምበላ ሰው ነኝ፣ ለምን እለምናለሁ?» የሚለውን ኩራት አከብራለሁ፤ ያኮራል። ነገር ግን ይህ ድጋፍ ልመና አይደለም። ሆስፒታሉ ግብር የማይከፍለው ይህን ሊያደርግ ነው፤ ግብር የሚከፍለው ደግሞ ያው ሠርቶ የሚበላው ወገናችን ነው። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» እንደሚባለው፣ ቢሉን የደበቀም መፍትሔ የለውም። ማመልከቻው የመኖሪያ ፈቃዴን ይነካብኛል ብሎ የሚፈራም አለ። የሆስፒታሉ የራሱ ድጋፍ የሆስፒታሉ ነው፤ ከመንግሥት እርዳታ ጋር አንድ አይደለም። ስለ ሜዲኬይድ ጥርጣሬ ያለው ግን በወሬ ሳይሆን የኢሚግሬሽን ጠበቃ ጠይቆ ይወስን።

እንግዲህ ወደ እናንተ መጣሁ። በዚህ አገር እድሮቻችን ትልቅ ሥራ ይሠራሉ። ሰው ሲሞት በሰዓታት ውስጥ ቤቱ በሰው ይሞላል፤ ምግቡ ይመጣል፣ ገንዘቡ ይሰበሰባል፣ አስከሬኑ ወደ አገር ቤት ይላካል። ይህን የምናደርገው በደንብ የተጻፈ መተዳደሪያ፣ የአባላት ስም ዝርዝር፣ ገንዘብ ያዥና ጸሐፊ ስላለን ነው። ያው አደረጃጀት በሕይወት ያለውን ሰው ከዕዳ ለማዳን ይበቃል። የሚያስፈልገው ብዙ ገንዘብ አይደለም፤ ጥቂት የሠለጠኑ ሰዎች፣ አንድ ጠረጴዛና አንድ የስልክ መስመር ነው። ስለዚህ የሚከተሉትን እጠይቃችኋለሁ።

1. እያንዳንዱ እድር አንድ «የቢል ተጠሪ» ይሰይም። ተጠሪው ሕግ አዋቂ መሆን የለበትም። እንግሊዝኛ የሚያነብ፣ ስልክ መደወል የማይሰለቸው፣ ምስጢር የሚጠብቅ ሰው ይበቃል። አባል ቢል ሲደርሰው ከመክፈሉ በፊት ለእሱ ይደውል። ምስጢር ጠባቂነቱ በመተዳደሪያው ይጻፍ፤ ሰው ሕመሙን የሚያወጣው ሲያምን ነው።

2. አብያተ ክርስቲያናትና መስጊዶች ከቅዳሴ ወይም ከጁምዓ በኋላ በወር አንድ ጊዜ የቢል ማንበቢያ ጠረጴዛ ያዘጋጁ። በመካከላችን ነርሶች፣ አካውንታንቶች፣ በሆስፒታል ቢሊንግ የሚሠሩ ልጆች፣ የሕግ ተማሪዎች አሉ። የጠራቸው የለም እንጂ ቢጠሩ ይመጣሉ።

3. የማኅበረሰብ ድርጅቶች በጋራ ተፈራርመው በአካባቢያችን ላሉት ሆስፒታሎች ሁሉ የገንዘብ ድጋፍ መመሪያቸውንና ማመልከቻቸውን በአማርኛ እንዲያቀርቡ በጽሑፍ ይጠይቁ። ትግርኛና ኦሮምኛ ለሚናገሩ ወንድሞችና እህቶቻችንም አብሮ ይጠየቅላቸው። አንድ ሰው ሲጠይቅ ደግነት የሚለምን ይመስላል፤ አሥር ድርጅቶች ሲጠይቁ ሕጉን ያስታውሳሉ።

4. የሬዲዮ አዘጋጆች ከዚህ በታች ያሉትን ነጥቦች አጭር መልእክት አድርጋችሁ ደጋግማችሁ አስተላልፉ። የታክሲ ሹፌሩ ሌሊት የሚሰማው እናንተን ነው።

ቢል የደረሰው ሰው ሊያደርገው የሚገባው ይህ ነው። የመጀመሪያውን ቢል ቸኩሎ አይክፈል። ፖስታው ላይ የደረሰበትን ቀን ይጻፍ፤ የ240 ቀኑ ቆጠራ የተጀመረው ቢሉ ከተላከበት ቀን ነው። ወደ ቢሊንግ ቢሮ ደውሎ አስተርጓሚ ይጠይቅ፤ ቀጥሎ «አይተማይዝድ ቢል» ይበል፤ እያንዳንዱ ክኒንና ምርመራ ተዘርዝሮ ይላክለታል። ኢንሹራንስ ካለው፣ ኢንሹራንሱ የሚልከውን የክፍያ መግለጫ ከቢሉ ጋር ጎን ለጎን ያስተያይ፤ ካልተጣጣሙ አይክፈል፣ ይጠይቅ። «ፋይናንሻል አሲስታንስ አፕሊኬሽን» ይጠይቅ፤ የገቢ ማስረጃውን አያይዞ ይላክ፤ የላከውን ቅጂ ያስቀምጥ። ብቁ ባይሆን እንኳ ወለድ የሌለው በየወሩ የሚከፈል ስምምነት ይጠይቅ። ከ2021 ጀምሮ ሆስፒታሎች ዋጋቸውን፣ ጥሬ ገንዘብ ለሚከፍል የሚያደርጉትን ቅናሽ ጨምሮ፣ በድረ ገጻቸው ላይ የማውጣት ግዴታ አለባቸው፤ ተጠሪው ያን አይቶ ሊሟገትለት ይችላል። ቢሉን ወደ ክሬዲት ካርድ ግን አያዛውር። ካርድ ላይ የገባ ዕዳ የሕክምና ዕዳ መሆኑ ይቀርና አብዛኛው የሆስፒታሉ ጥበቃ ከላዩ ይነሳል፤ ወለዱ ይጀምራል። የፍርድ ቤት ወረቀት ከመጣ ደግሞ ቀነ ቀጠሮው ሳያልፍ ለነፃ የሕግ አገልግሎት ይደውል፤ ያልቀረበ ሰው ትክክለኛ ክርክር ቢኖረውም ይፈረድበታል።

አንድ ማስጠንቀቂያም ልጨምር። ጉንፋን፣ የቁርጭምጭሚት ወለምታ፣ የጉሮሮ ሕመም ላለበት ሰው ኧርጀንት ኬር የሚባለው ክሊኒክ ከድንገተኛ ክፍል በጣም ይረክሳል። ነገር ግን በገበያ ማዕከላት አጠገብ ከሆስፒታል ተነጥለው የተከፈቱ፣ «ኢሜርጀንሲ» የሚል ምልክት ያላቸው ማዕከሎች አሉ። ክሊኒክ ቢመስሉም የሚያስከፍሉት እንደ ድንገተኛ ክፍል ነው። ሕመሙ ቀላል ከሆነ ከመግባታችሁ በፊት የበሩን ጽሑፍ አንብቡ። ከባድ ከሆነ ግን ቅርብ ወዳለው ግቡ፤ ነፍስ ከገንዘብ ትበልጣለች።

የጠየቅኋችሁ የቢል ተጠሪና የማንበቢያ ጠረጴዛ የዋጋውን ሥርዓት አያስተካክሉም፤ ያ የሕግ አውጪዎች ሥራ ነው፤ ሜሪላንድ ኮሚሽኗን ካቋቋመች ከሃምሳ ዓመት በላይ ሆኗታል፤ ሊሠራ እንደሚችልም አሳይታለች። የቨርጂኒያና የዲሲ ተወካዮች ድምፃችንን ሊጠይቁ ሲመጡ ይህን ጥያቄ ብትጠይቋቸው ደስ ይለኛል። እስከዚያው ግን በሥራ ላይ ያለው ሕግ የሰጠን መብት ጥቅም ላይ ሳይውል እየቀረ ነው፤ በየቤቱ የማይገባ ዕዳ እየተከፈለ ነው። ይህን ማስቆም በእኛ አቅም ውስጥ ነው።

የመጀመሪያውን ሥልጠና ያለ ክፍያ ለመስጠት ፈቃደኛ ነኝ፤ የሥራ ባልደረቦቼንም አስተባብራለሁ። በሚቀጥለው የእድራችሁ ስብሰባ ላይ ይህን ጉዳይ አጀንዳ አድርጋችሁ አንድ ተጠሪ ሰይሙልን። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቢል የደረሰው አባል የሚደውልለት ሰው ይኖረዋል።

ከአክብሮት ጋር፣

የሕክምና አስተርጓሚ
ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ